«እግር ደግሞ ምን ትምህርት አለው?»

አማርኛችን ለእግር አይሰስትም። የገባበት ቤት ሲሳይ የሚበዛለት «እግረ እርጥብ»፣ የረገጠው ሁሉ የሚደርቅበት «እግረ ደረቅ»፣ የፈራው «እግሬ አውጪኝ» ብሎ የሚፈረጥጥ፣ ራሱን የቻለው «በእግሩ የቆመ»፣ ሳያስብ ጎራ ያለው እንግዳ ደግሞ «እግር የጣለው»። ይሄ ሁሉ እግር ባለበት ቋንቋ እኛ የምንማረውን ሙያ የሚጠራ አንድ ደህና ቃል አጥተናል። «የእግር ሐኪም» ስንል ሰሚው ወይ ወጌሻ ያስባል፣ ወይ የአጥንት ሐኪም፣ ወይ ደግሞ ጥፍር ቤት። የሚበዛው ሦስተኛው ነው። «ታዲያ ፔዲኪዩር ለመሥራት ይሄን ሁሉ ዓመት?» ያሉን እናት አሉ። ክፋት የላቸውም፤ ከልባቸው ገርሟቸው ነው።

እኛ ሦስት ነን። ሁለታችን እዚሁ አሜሪካ ተወልደን ያደግን፣ አንዳችን ልጅ ሳለች በዲቪ ከቤተሰቧ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣች። ሦስታችንም የፖዳያትሪ ተማሪዎች ነን። ይህንን የምንጽፈው አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ፕሪ ሜድ ነኝ» እያላችሁ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለምታላምጡ ታናናሾቻችን ነው፤ ወላጆቻችሁም ከጎን ቢያነቡት ደስ ይለናል።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። አሜሪካ ውስጥ ፖዳያትሪስት ለመሆን አራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ትማራለህ፣ ኤምካት የሚባለውን ፈተና ትፈተናለህ፣ ከዚያ አራት ዓመት የፖዳያትሪ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ የሦስት ዓመት ሬዚደንሲ። ደምሩት፣ 11 ዓመት ነው። ማዕረጉ ዲ.ፒ.ኤም ይባላል እንጂ ኤም.ዲ አይደለም። መድኃኒት ያዝዛል፣ ኤክስሬይ ያነባል፣ ቢላ ይዞ ኦፕራሲዮን ይሠራል፤ ከእግር እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ በላይ እስከየት እንደሚደርስ ደግሞ እንደየስቴቱ ሕግ ነው። በመላ አገሪቱ ያሉት ኮሌጆች አንድ ደርዘን ገደማ ናቸው። ለንደን ያለ የአጎትህ ልጅ «እኔ የማውቀው ፖዳያትሪስት ሦስት ዓመት ተምሮ ነው የወጣው» ቢልህ አልዋሸም፤ የእንግሊዙ ሙያ ስሙ አንድ ሆኖ ሥልጠናውም ሥልጣኑም ሌላ ነው። አትከራከሩ፤ እኛ አንድ ሙሉ የገና ምሳ በዚህ ክርክር አቃጥለናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የሰውነት ክፍሎች ማዕረግ አላቸው። ልብ ንጉሥ ነው። አንጎል ራስ ቢትወደድ። ቀጥሎ የሕፃናት ሐኪም፣ የማህፀን ሐኪም፣ ዓይን፣ ጥርስ… እንዲህ እንዲህ እያለ ወርዶ ወርዶ እግር ከጭፍራው ኋላ ስንቅ ተሸክሞ ይከተላል። ስለዚህ ልጅየው እግር መረጥኩ ሲል ቤተሰቡ የሚሰማው «ወደ ላይ አልደረስኩም» ያለ ያህል ነው። ቡና ላይ የተቀመጡ እትዬ ሰውን ላለማስከፋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትንሽ ብትበረቺ ኖሮ እኮ ልብ ይሆን ነበር» ይላሉ። ትንሽ ብትበረቺ! አንዷ የእኛ ጓደኛ ይህንን የሰማችው የሰው ልጅ እግር ውስጥ ያለውን ነርቭ ሁሉ በቃሏ ስታጠና አድራ በመጣችበት ማለዳ ነው።

ከዚህ ሐሜት ውስጥ እውነት የለም ብለን አንዋሽም። የፖዳያትሪ ኮሌጆች የሚቀበሉት የኤምካት ውጤት በአማካይ ከኤም.ዲ ትምህርት ቤቶቹ ዝቅ ያለ ነው። ለሌላ አመልክቶ ሳይሳካለት የመጣ ተማሪም ክፍላችን ውስጥ አለ። ታዲያ ምን ይጠበስ? ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ የሚመጣው የፈቃድ ፈተና አንደኛ ክፍል «ለምን መጣህ» ብሎ አይጠይቅም። አናቶሚውን ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም፣ በቃ። ከዚህም በላይ «በር ስለተከፈተልኝ ገባሁ» ብሎ የገባ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲንገዳገድ፣ «እግር ነው የምፈልገው» ብሎ የገባው ሲጸና ዓይተናል። የምንከራከረውም ለዚህ ነው፤ ፖዳያትሪ ማስታመሚያ ሆኖ ሲመረጥ ልጁንም በሽተኛውንም ይጎዳል።

አገሩ ራሱ ሙያውን ቶሎ አላከበረውም። አብርሃም ሊንከን አይዛካር ዛካሪ የሚባል እግር አካሚ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 በእጃቸው ምስክርነት ጽፈውለታል። ሆኖም የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር ፖዳያትሪስትን በሐኪምነት ትርጉሙ ውስጥ ያስገባው በ1967 በወጣ ማሻሻያ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በደመወዝ እርከን ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር እንዲያስተካክሏቸው ሕግ የወጣው ደግሞ በ2018። ስለዚህ እትዬን ብቻ አንቆጣም።

እግር ምን አለው ለሚሉን፤ በአንድ እግር 26 አጥንት አለ። ሁለቱ 52፣ ማለትም የሰው ልጅ አጥንት ሩብ ያህሉ ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። 33 መጋጠሚያ፣ ከመቶ በላይ ጡንቻ፣ ጅማትና ማሰሪያ። ተለስ የሚባል አንድ አጥንት አለ፤ የሰውነቱን ክብደት ሁሉ ተቀብሎ ወደ ተረከዝና ወደ ፊት የሚያከፋፍል፣ ነገር ግን አንድም ጡንቻ ያልተጣበቀበት። በመጀመሪያው ዓመት ይህንን አጥንት በእጃችን ይዘን ስናገላብጥ አስተማሪያችን ዝም ብለው አዩን። አንድ ነገር ሁሉም ሸክሙን ጥሎበት ራሱ የሚጎትተው ሳይኖረው ሲኖር… ተዉት፣ ወደ ምሳሌ ልንገባ ነበር።

የእኛ ምርጫ ግን ከአጥንት ውበት አልመጣም። ከወላጆቻችን እግር ነው የመጣው። የእኛ አባቶች ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሃያ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የቆሙ ናቸው። እናቶቻችን የሆቴል አልጋ ያነጠፉ፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ በፈረቃ ያደሩ ናቸው። ማታ ሲመጡ ጫማ ይወልቃል፣ ገንዳ ይወጣል፣ ውሃ በጨው ይሞቃል። ስንት ልጅ የዚህን ገንዳ እንፋሎት እያየ አድጓል!

ያ ገንዳ ግን ስኳር ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ስኳር ለብዙ ዓመት ከቆየ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ እግሩ ሙቀት አይለይም፣ ጠጠር አይሰማውም። እናታችን «ለብ ያለ ነው» ብላ የምታስገባው ውሃ ቆዳዋን ሊልጠው ይችላል፣ እሷ ግን አይሰማትም። ውሃው በእጅ ክርን ይለካ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ዘፍዝፎ መቀመጡም አይመከርም። ጫማ ውስጥ የገባች ትንሽ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትፈጭ ውላ ማታ ካልሲው ላይ ደም ይታያል። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ደም ሥሩም ከጠበበ አይድንም፣ ከዚያ ወደ አጥንት። ከስኳር ጋር በተያያዘ ከሚቆረጡ እግሮች 85 በመቶ ያህሉ ቀድሞ ቁስል የነበረባቸው ናቸው የሚለውን ቁጥር አንደኛ ዓመት ላይ ያስተምሩናል። ቁስሉ ትንሽ ሳለ ያየው ሰው ቢኖር የሚል ትርጉም አለው።

የሚገርመው በእኛ ሰው ዘንድ ሕመም አለመኖሩ እንደ ጤና ይቆጠራል። «አያመኝም፣ ምን ሆኜ ነው ሐኪም ጋ የምሄደው?» አዎ ጋሼ፣ ስለማያምዎት ነው እኮ የምንፈራው። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። የጥርስ ብሩሽ ፀጉር የመሰለች ቀጭን የናይለን ክር፣ 10 ግራም ክብደት ሲያርፍባት የምትጎብጥ፣ የእግር መርገጫ ላይ ነጥብ ነጥብ እየተደረገች «ተሰማዎት?» ይባላል። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኗል። ዝም ካለ ዝም ያለበት ቦታ ይመዘገባል። በመጀመሪያው የክሊኒክ ልምምዳችን ይህንን ስናደርግ የዝምታ ትርጉም ያን ያህል ከባድ ይሆናል ብለን አልጠበቅንም ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆች ይስሙን፤ ሜዲኬር ስኳር ኖሮበት የእግሩ ስሜት ለቀነሰ ሰው በየስድስት ወሩ የእግር ምርመራ ይሸፍናል። መስፈርቱን ላሟላ ደግሞ በዓመት አንድ ጥንድ ልዩ ጫማ ይሸፍናል። አባቶቻችን ይህንን ሳያውቁ ከሽያጭ ላይ የገዙትን ጠባብ ጫማ አድርገው ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሰዓት ይቆማሉ።

ኢትዮጵያስ? ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆኔ የሚባለውን የማያውቅ የለም። ከዝሆኔ ዓይነቶች አንዱ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው፤ ተላላፊ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ለዓመታት የሚሄድ ገበሬን ነው የሚይዘው፤ ጥቃቅኑ የአፈር ብናኝ በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጣል። ስሙን ያወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ2012 እነ ፋሲል ተኮላ አየለ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ባሳተሙት ጥናት በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳዩ፤ ለዚህ ነው አንድ መሬት የሚረግጡ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ አንዱ የሚድነው። በሽታው ያለበት ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። መከላከያው ጫማ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው። የታመመው ሰው ግን «ይተላለፍብናል» እየተባለ ከሠርግም ከገበያም ይሸሸጋል።

እግረ መንገዳችንን፤ እንደ ሕዝብ በጣም የምንኮራበት እግር የአበበ ቢቂላ ባዶ እግር ነው፣ ሮም፣ 1960፣ 2:15:16። ልክ ነው እንኩራ። ግን አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 መግባቱን ስንቶቻችን እናወራለን? ኮርሱ ሌላ ነው ትሉናላችሁ። እሺ፣ ይሁን። ባዶ እግርን እያወደሱ የወላይታን ገበሬ ባዶ እግር አለማየት ግን አይጥመንም።

ሌላም አለ። ክፍል ውስጥ ስሜት ስላጣ እግር ሲያስተምሩን ደጋግሞ የሚነሳ ስም ፖል ብራንድ ነው። ይህ ሰው ሕንድ አገር ቬሎር ውስጥ የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ሲያክም፣ ጣት የሚረግፈው ሥጋው በበሽታው በስብሶ ሳይሆን ሰውየው ሕመም ስለማይሰማው ደጋግሞ ራሱን ስለሚጎዳ እንደሆነ አሳየ። በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ካርቪል መጥቶ ያንኑ ዕውቀት ይዞ ስኳር ላቆሰለው እግር ሙሉ ጄሶ የማድረጉን ሕክምና አስፋፋ። እኛ ዛሬ በአሜሪካ ክሊኒክ የምንማረው ጄሶ መሠረቱ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው ማለት ነው። ታዲያ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለምን ነበር? ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና። ስሜት ለሌለው እግር ጫማ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች እኛ ታክሲ ውስጥ ሆነን መስኮት ዘግተን በምናልፍበት ሰፈር ነበሩ። ይህንን የተማርነው አሜሪካ መጥተን መሆኑ ያናድደናል።

ስለ ተማሪነቱ እንንገራችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ከማንኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አይለይም፤ አናቶሚ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ። የአስከሬኑ ክፍል ሽታ ፀጉር ውስጥ ያድራል። ዩኒቨርሲቲ እያለን በፈተና ዋዜማ ተቀምጦ የሚሸመደድ ነገር ነበር፤ እዚህ በሁለት ቀን የሚሰጠው ያ ሁሉ ሴሚስተር ነው። አንኪ የሚባለውን የካርድ ፕሮግራም በየቀኑ ካልነካህ በአራተኛው ቀን ሁለት ሺህ ካርድ ተቆልሎ ይጠብቅሃል። ሃይላይተር ማቅለም ጥናት አይደለም፤ ራስን መጠየቅ ነው ጥናት። ይሄን ያህል።

የሚከብደው ሌላው ነው። ሐበሻ ቤት ውስጥ «ፈተና አለብኝ» የሚለው ምክንያት ለሠርግ በግድ ይሠራል፣ ለክርስትና አንዳንዴ፣ ለልቅሶ ግን በጭራሽ አይሠራም። ሰው ሞቶ ልጅቷ ቀረች ማለት እናቷ ቀረች ማለት ነው። ከእኛ አንዷ መላ ዘየደች፤ የዓመቱን የፈተና ቀናት በትልቅ ወረቀት በአማርኛ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች። እናቷ ስልክ ሲደወልላቸው ወረቀቱን እያዩ «እሷ ሐሙስ አጥንት አለባት፣ እኔ እመጣለሁ» ማለት ጀመሩ። ተአምር ነው የምንላችሁ። ወላጆቻችን ጠላቶቻችን አይደሉም፣ መርሐ ግብሩን የነገራቸው የለም እንጂ።

ሌላው ደግሞ ኮሌጅ በገባህ በሁለተኛው ወር የማኅበረሰቡ ክሊኒክ መሆንህ ነው። ሠርግ ላይ ጋሼ እገሌ ጎተት አድርገው ወደ ጥግ ይወስዱሃል፣ ካልሲ ይወልቃል፣ «እስቲ ይቺን እያት»። ክትፎው ገና አልቀረበም። ተማሪ ነህ፣ ፈቃድ የለህም፣ ምርመራ ማድረግም መድኃኒት መጥቀስም አትችልም፤ እሺ ብትል ነገ አንተንም ሙያህንም ጣጣ ውስጥ ይከታል። እምቢ ማለትም ነውር ነው። እኛ የያዝነው መንገድ ይህ ነው፤ ቁጭ ብሎ በአክብሮት ማየት፣ ስም አለማውጣት፣ «ጋሼ፣ ይሄ በዚህ ሳምንት መታየት አለበት፣ ቀጠሮውን አሁኑኑ አብረን እንያዝልዎት» ብሎ እዚያው ስልክ ማውጣት። በዚህ ዓይነት ከሠርግ ወደ ሐኪም የሄዱ ሰዎች አሉ።

ገንዘቡን ሳናነሳ ብናልፍ ግብዝነት ይሆናል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። ፖዳያትሪ ከሙያ ዲግሪዎቹ ጎራ ስለተመደበ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚቻለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። የኮሌጅ ክፍያና የቤት ኪራይ ተደምሮ በዓመት ከዚያ በላይ ሲሆን ቀሪው የግል ባንክ ብድር ነው፤ የግል ባንክ ደግሞ ዋስ ይፈልጋል። ዋሱ ማን ነው? ያው ፓርኪንግ ውስጥ የቆመው አባት። ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ለየኮሌጁ ስኮላርሺፕ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት ሊነጠቅ እንደሚችል በጽሑፍ ጠይቁ። ውጤት ከወረደ የሚቀር ስኮላርሺፕ አለ። አባትን ከማስፈረም በፊት ይህንን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በአማርኛ መተርጎም የልጅ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን፤ «አባዬ ዝም ብለህ ፈርም» አይባልም።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ልባችሁ ልብ ላይ ከሆነ እግር አትምረጡ። ከዲ.ፒ.ኤም ወደ ልብ ወይም ወደ አንጎል መሻገሪያ ድልድይ የለም፤ ሙያውን የምትመርጡት ገና ኮሌጅ ሳትገቡ ነው። ለአንዳንዱ ይህ እስር ቤት ነው። ለእኛ እረፍት ሆኖልናል፤ የኤም.ዲ ጓደኞቻችን «ምን ልሁን» እያሉ ሲጨነቁ እኛ ምን እንደምንሆን እናውቃለን።

እንግዲህ የሚያጓጓችሁ ካለ፣ ከድረ ገጽ በፊት ሰው ፈልጉ። በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ፖዳያትሪስት ጋ ደውላችሁ «ሁለት ቀን ከኋላዎ ቆሜ ልይ» በሉ፤ ኮሌጆቹም ይህንን ያደረገ አመልካች ይወዳሉ። አንዱን ቀን ቢሮ፣ ሌላውን ቀን የቁስል ክሊኒክ። ቢሮ ውስጥ ጥፍር የበላውን ሯጭና ተረከዙ የሚያመውን አስተማሪ ታያላችሁ፤ ደስ ይላል፣ ቀላል ነው። የቁስል ክሊኒኩ ሌላ ነው። ፋሻ ሲፈታ ጠረኑ ቀድሞ ይመጣል፣ የሞተ ቆዳ በስለት ይጠረጋል፣ ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ያወራሉ። ጠረኑን ችላችሁ፣ ሽማግሌውንም እየሰማችሁ እስከ ከሰዓት ከቆማችሁ፣ ያን ጊዜ ስለ ማመልከቻው እንነጋገራለን።